የአርመኖች የጾም ምስር

ምስር የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሁዳዴ ገብቶ የምስር ወጥ የማይሸትበት ቤት የት አለና! ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በአንድ የጾም ቀን ግን ፒያሳ አካባቢ የሚኖሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ማዳም» የሚላቸው አንዲት አርመናዊት ባልቴት በርበሬ የሌለበት፣ ጣፈጥም ኮምጠጥም የሚል ምስር አቀረቡልኝ።

«ማዳም፣ ስኳር ጨምረውበት ነው?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

ምግቡ «ምሾሽ» ይባላል። ምስሩ ይቀቀላል፤ ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፤ ከዚያ የደረቀ አፕሪኮት ተከትፎ፣ ዋልነት ተወቅጦ ይገባበታል። ጣፋጩም ኮምጣጣውም ከአፕሪኮቱ የመጣ ነው። አርመኖች በዚህ ፍሬ አይደራደሩም፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎች መነሻውን ወደ ቻይናና ወደ መካከለኛው እስያ ቢወስዱትም፣ የላቲን ስሙ «የአርመን» የሚለውን ቅጽል እንደያዘ ቀርቷል። ሥጋና ቅቤ በሌለበት የሚያጠግበው ደግሞ ዋልነቱ ነው።

ዐቢይ ጾማቸው እንደኛው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚታቀቡበት ነው። (ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በ451 ዓ.ም. የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ባለመቀበል አንድ ናቸውና መመሳሰሉ አይደንቅም። ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በጾሙ ወቅት የመቅደሱ መጋረጃ ይዘጋል። በየቤቱ ደግሞ ሰባት ላባ የተሰካበት ሽንኩርት ከጣራ ላይ በክር ይንጠለጠል ነበር፤ ሳምንት ባለፈ ቁጥር አንድ ላባ ይነቀል ነበር። ላባው ሲያልቅ ፋሲካ ደረሰ ማለት ነበር።

ይህን ድስት ይጥዱ የነበሩ ስንትና ስንት እናቶች ከ1915 ጀምሮ ከኦቶማን ግዛት ወደ ሶርያ በረሃ ሲነዱ አለቁ። የተረፉ ልጆቻቸው በየማሳደጊያው ተበተኑ። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» ከነዚሁ ወገን ናቸው። ስለ ጥሩምባቸው ብዙ ተጽፏል። እኔን የያዘኝ ግን የድስቱ ነገር ነበር።

«ምሾሽ ማን አስተማረዎት?»

«እናቴ።»

«እሳቸውንስ?»

ማዳም ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እናታቸው ያደጉት ሊባኖስ በሚገኝ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነው። ማብሰል የሚችሉበት ዕድሜ ላይ ሲደርሱ፣ ልጃገረዶቹ ተሰብስበው የየእናታቸውን ድስት ለማስታወስ ሞከሩ። አንዷ አፕሪኮቱን አስታወሰች፤ ሌላዋ ዋልነቱን። አንዷ «መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ይነሰነስበት ነበር» አለች። ምን ቅጠል? ተከራከሩ፣ አልተስማሙም።

ማዳም ፐርሰሜሎም የድንብላል ቅጠልም ይነሰንሱበታል።