ቀላድ አይገባም ያለ አገር

የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሲወጣ፣ የጎጃም ገበሬ ከጠመንጃው አስቀድሞ የያዘው ምክር ነው። ደብረ ወርቅ ባለችበት በቢቸና አውራጃ፣ በሞጣና በደጋ ዳሞት ነገሩ ከቅዳሴ መልስ በደጀ ሰላም፣ በሰንበቴ፣ በማኅበርና በገበያ ተብላላ። ሹማምንቱ «የሚገመተው ምርት ነው» ቢሉም ሰው አላመነም። ግምቱ ዛሬ ከገባ ነገ ቀላድ፣ ማለትም የመሬት ልኬት፣ ይከተላል፤ ቀላድ ከገባ ርስት ይፈርሳል ተባለ።

ስጋቱ ከርስቱ አሠራር የመጣ ነበር። ሰው መሬት ይጠይቅ የነበረው በአባቱም በእናቱም ወገን የዘር ሐረጉን እስከ አቅኚ አባት ቆጥሮ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ደጋ ዳሞትን አጥንቶ እንደጻፈው፣ ለተወላጆቹ ድርሻ የሚያስከብረው ፈጅ የሚባል ወኪል ነበር። ክርክሩ በሽማግሌና በምስክር ፊት ስለሚካሄድ፣ ገበሬው የአደባባይ ንግግርን ከልጅነቱ ይሰማ ነበር።

ወንጀልም በጉባኤ ይጣራ ነበር። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል አውጫጭኝ የሚባል ጉባኤ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። የተሰበሰበው ሰው እየማለ ያየውን የሰማውን ይናገራል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅም መበተን የለም። ሥራ ፈትቶ መዋሉ ሁሉንም ስለሚጎዳ፣ ዝም ማለት ዋጋ ያስከፍል ነበር።

በ1960 ይህ የጉባኤ ልማድ ወደ አመፅ ተሸጋገረ። ገበሬዎች በየአካባቢያቸው መሪ መረጡ፤ አቤቱታ ላኩ፤ ገማቾችን አናስገባም አሉ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ መንደሮች በአውሮፕላን ተደበደቡ። ሕዝቡ ግን አልተበተነም። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ የቆየ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፣ አዲሱ ግብርም በተግባር ቀረ።

ጉባኤው ግን ለሁሉም እኩል ክፍት አልነበረም። ሴት በሐረግ ርስት ብትወርስም አደባባዩን የያዙት ወንዶች ነበሩ። ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ብዙ ጊዜ ርስት ስለሌላቸው ድምፃቸው አይሰማም፤ በቡዳነትም ይጠረጠሩ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የዘር ሐረግ ክርክሩ መሠረቱን አጣ። ቢያንስ 800 ሄክታር የሚያካልሉ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ መሬት የማደላደልና የመዳኘት ሥልጣንም ተሰጣቸው። የርስት ክርክር ሲሰማ የኖረው ጉባኤ ከዚያ ወዲህ የሚሰበሰበው መንግሥት ባወጣው መተዳደሪያ ሆነ።