ብስክሌትን ከሌባ መጠበቅ፦ በኔዘርላንድስ ለሚኖሩ ወገኖች

ኔዘርላንድስ 18 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብና ከ23 ሚሊዮን የማያንሱ ብስክሌቶች ያሉባት አገር ናት። ብስክሌት በበዛበት አገር የብስክሌት ሌባም መብዛቱ አይቀርም። ሥጋቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 «ፕሮቮ» ይባሉ የነበሩ የአምስተርዳም ወጣቶች ብስክሌቶችን ነጭ ቀለም ቀብተው፣ ያገኘ ሁሉ እንዲነዳቸው ሳይቆልፉ መንገድ ላይ ቢያቆሙ ፖሊስ ለቅሞ ወሰዳቸው። ብስክሌትን ሳይቆልፉ መተው የከተማውን ደንብ መጣስ ነበርና።

ለአዲስ መጤ ወገናችን ብስክሌት መዝናኛ ብቻ አይደለም። አውቶቡስ ሳይጀምር ሥራ የሚገባበት፣ ቋንቋ ትምህርት ቤት የሚደርስበት ነው፤ ምግብ በማድረስ ለሚተዳደረው ደግሞ እንጀራው ነው። ስለዚህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን አስቀድመን ልናውቀው የሚገባውን እንመልከት። መነሻው ይህ ነው፦ ፈጽሞ የማይሰበር ቁልፍ የለም። ቁልፍ የሚሠራው ሥራ ሌባውን ማዘግየት ነው፤ ሌባ ደግሞ መዘግየትንና መታየትን ይፈራል።

ስለ ቁልፍ

በኔዘርላንድስ አብዛኛው ብስክሌት የኋላ ጎማውን የሚይዝ ክብ ቁልፍ ተገጥሞለታል። ይህ ቁልፍ ብስክሌቱ እንዳይነዳ ያደርጋል እንጂ ተሸክሞ መኪና ላይ ከመጫን አያግድም። ስለዚህ ሁለተኛ ቁልፍ የግድ ያስፈልጋል። ቀጭን የሽቦ ገመድ በትንሽ መቁረጫ በሰኮንዶች ውስጥ ስለሚበጠስ፣ ወፍራም ሰንሰለት ወይም የላቲን «ዩ» ፊደል ቅርጽ ያለው የብረት ቁልፍ ይመረጣል። ሲገዙ «አርት» የሚባለውን ምልክትና የኮከቦቹን ቁጥር ይመልከቱ፤ ብዙ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለብስክሌት ቢያንስ ሁለት ኮከብ ይጠይቃሉ። በባትሪ የሚሠራ ግራይንደር የያዘ ሌባ አብዛኛውን ቁልፍ መቁረጡ እውነት ነው። ሆኖም ድምፁና የእሳት ፍንጣሪው ያጋልጡታል። ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት መሣሪያና ተጨማሪ ደቂቃ ያስፈልጋቸዋል።

ስለ አቆላለፍ

ሰንሰለቱ በብስክሌቱ ፍሬምና በፊት ጎማው ውስጥ አልፎ ከማይነቀል ነገር ጋር ይታሰር። ጎማውን ብቻ ያሰረ ሰው ሲመለስ ጎማውን ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ሰንሰለቱ መሬት ላይ አይረፍ፤ መሬት ከነካ በመዶሻ ለመቀጥቀጥም ሆነ ትልቅ መቁረጫ ተጭኖ ለመቁረጥ ይመቻል። በ«ዩ» ቁልፉ ውስጥ ባዶ ቦታ ከተረፈ ሌባው ብረት አስገብቶ ይፈለቅቅበታል። ምሰሶ ላይ ሲያስሩ ብስክሌቱ ከላይ ተመዞ እንደማይወጣ፣ ምሰሶውም በብሎን የሚፈታ አለመሆኑን ነቅነቅ አድርገው ይፈትሹ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከሆነ ባትሪው የሚወጣ እንደሆነ ይዘውት ይግቡ።

ስለ ቦታ

ባቡር ጣቢያ አጠገብ ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ካለ ውጪ አያቁሙ። በዩትሬክት ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 የተጠናቀቀው ማቆሚያ 12,500 ብስክሌት ይይዛል። በአምስተርዳም ማዕከላዊ ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ2023 ውሃ ሥር የተሠራው 7,000 ያህል ቦታ አለው። ቤትዎ ሲደርሱም አይዘናጉ፤ የጋራ ምድር ቤትና ጓሮ ውስጥ ያለ ብስክሌትም መቆለፍ አለበት። በተከለከለ ቦታ የቆመ ብስክሌት ግን ሌባ ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱ ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ «ተሰረቅሁ» ከማለትዎ በፊት የከተማዎን የብስክሌት መጋዘን ይጠይቁ።

ስለ ማስረጃ

እያንዳንዱ ብስክሌት ማለት ይቻላል ፍሬሙ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው በታች ወይም ፔዳሉ አካባቢ ይገኛል። ዛሬውኑ ቁጥሩን ይጻፉ፣ ብስክሌቱን ፎቶ ያንሡ፣ ደረሰኙንም አብረው ያስቀምጡ። ኢንሹራንስ ከገቡ ሁለቱንም ዋና መክፈቻዎች ይጠብቁ፤ ካሣ ሲጠየቅ ሁለቱንም ማስረከብ የተለመደ ግዴታ ነው። ስርቆቱን በ«ዲጂዲ» መግቢያዎ በኢንተርኔት ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል። የፍሬም ቁጥር ካለ ብስክሌቱ በአገር አቀፉ የተሰረቁ ብስክሌቶች መዝገብ ውስጥ ይገባል። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ብስክሌቱ በፖሊስ እጅ ቢገኝ እንኳ የእኔ ነው ብሎ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ስለ ርካሽ ብስክሌት

ብስክሌቱ የተሰረቀበት ሰው ንዴቱ ሳይበርድ መንገድ ላይ «በሃያ ዩሮ ውሰደው» የሚል ሰው ያጋጥመው ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በኔዘርላንድስ የወንጀል ሕግ የተሰረቀ ዕቃ መግዛት ወንጀል ነው። አንቀጽ 416 እያወቀ የገዛውን ሲመለከት፣ አንቀጽ 417ቢስ ደግሞ መጠርጠር ሲገባው ዝም ብሎ የገዛውን ይመለከታል። ደረሰኝ የሌለው፣ ቁልፉ የተሰበረ፣ ዋጋው ከገበያ እጅግ የወረደ ብስክሌት የሚያስጠረጥር ነው፤ «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን አያድንም። ለስደተኛ ደግሞ መዘዙ ከቅጣቱ ይብሳል። የዜግነት ማመልከቻ ሲታይ የወንጀል መዝገብ ይመረመራል። ለታክሲ ሥራም የመልካም ሥነ ምግባር የምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ በእንክብካቤ ሥራም ይህ የተለመደ ነው። የሃያ ዩሮ ብስክሌት የዓመታትን ድካም ሊያደናቅፍ ይችላል።

ያገለገለ ብስክሌት መግዛት ግን ነውር የለውም። ከታወቀ ጠጋኝ ሱቅ በደረሰኝ ይግዙ። ከግለሰብ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የፍሬሙን ቁጥር «ስቶፕሄሊንግ» በሚባለው የፖሊስ መፈተሻ ላይ ያስገቡ፤ በስርቆት የተመዘገበ ከሆነ ይነግርዎታል። ሻጩ ቁጥሩን ለማሳየት ካንገራገረ፣ ወይም ቁጥሩ ተፍቆ ካገኙት ትተውት ይሂዱ። የሌባ ገበያ የሚቆመው ገዢ ሲያጣ ነው፤ ነገ የሚሸጠው ብስክሌት የእርስዎ ወይም የጎረቤትዎ ሊሆን ይችላል።