ቤልና መንገደኛ፤ ስለ ኮልቾ የእንግዳ ሥርዓት

እንግዳ መቀበል በኢትዮጵያ ሰዎች ዘንድ ከንግድ በፊት የነበረ ሥራ ነው። ሲመሽ ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» የሚል መንገደኛ አገሩና ዘመዱ ሳይጠየቅ አስቀድሞ እግሩ ይታጠብለት፥ እራቱም ይቀርብለት ነበር። የቆሎ ተማሪ ቅኔና ዜማ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ሲሻገር ዋናው ስንቁ ይህ ልማድ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ዋጋ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ዛሬ ያሳደረ ሰው ነገ በሰው አገር ሲመሽበት ማደሪያ ያገኛልና፥ እንግድነት ሳይጻፍ የሚታወቅ ብድር ነው። ገንዘብ ከመካከል በገባ ጊዜ ይህ ብድር ምን ይሆናል? ነገሩን ለሚመረምር ሰው በኦሞ ዳር ያለችው የኮልቾ ታሪክ ብዙ ታስረዳዋለች።

ኮልቾ በደቡብ ኦሞ ከጂንካ ከተማ ርቃ በቆላው ያለች የካራ ሕዝብ መንደር ናት። ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ባለው ከፍተኛ አፋፍ ላይ ስለ ተቀመጠች፥ ከዚያ የቆመ ሰው ኦሞ በዛፎች መካከል ሲጠማዘዝ ቍልቍል ያየዋል። ከዱስና ከላቡክ ጋራ ከካራ ዋና ዋና መንደሮች አንዲቱ ስትሆን፥ የካራ ሕዝብ በሙሉ ከጥቂት ሺህ አይበልጥም። በስተ ምሥራቅ ሐመሮች፥ ከወንዙ ማዶ ኛንጋቶሞች፥ በስተ ሰሜን ሙርሲዎች ይጎራበቱታል፤ ሁሉም በቍጥር ይበልጡታል። በገንዲ በሽታ ምክንያት ከብት ብዙ ስለማይረባለት ኑሮው የቆመው በወንዙ ሙላት ላይ ነበር። በክረምት የደጋው ዝናም ኦሞን ሞልቶት ዳርቻውን አጥለቅልቆ ከተመለሰ በኋላ፥ በቀረው ለም ጭቃ ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር።

እንዲህ ያለ ጥቂት ሕዝብ በብዙዎች መካከል ጸንቶ ለመኖር ከጦር ሌላ ብልሃት ያስፈልገዋል። ካራዎችም እንደ ጎረቤቶቻቸው እንደ ሐመሮች «ቤል» የሚባል ሥርዓት አላቸው። ቤል ማለት ከሌላ ነገድ የተያዘ የቃል ኪዳን ወዳጅ ነው። ካራው ማሽላ ቢሰጥ ሐመሩ በጊዜው ፍየል ወይም ማር ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ወደ አንዱ አገር በሄደ ጊዜም የወዳጁ ቤት ቤቱ ነው፤ የቡና ገለፈት ተፈልቶ በቅል ይቀርብለታል። ወዳጅነቱም ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የመልሱ መዘግየት ነው። ስጦታው እዚያው በስጦታ ቢመለስ ሁለቱ ሰዎች እንደ ገበያተኞች ተለያይተው ይሄዱ ነበር፤ ሒሳቡ ሳይዘጋ ስለሚቈይ ግን ዘወትር ይፈላለጋሉ።

ከሩቅ አገር የመጡት እንግዶች በሌላ መንገድ ገቡ። በ1880 ዓ.ም. ቴሌኪና ሄኔል የተባሉት የኦስትሪያና የሀንጋሪ መንግሥት ሰዎች ከደቡብ መጥተው ኦሞ የሚገባበትን ሐይቅ በአልጋ ወራሻቸው በሩዶልፍ ስም ጠሩት። በ1888 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ኦሞን ተከትሎ እስከዚያው ሐይቅ ወረደ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከካፋ ተነሥቶ እስከ ሐይቁ ደረሰና የዳግማዊ ምኒልክን ሰንደቅ ዓላማ በዳርቻው ተከለ። እነዚህ ሁሉ የመጡት ካርታ ለመሣል ወይም ወሰን ለማስፋት ነበርና የቤል ሥርዓት አልገዛቸውም።

በኋላ ዘመን መሣሪያቸው ፎቶግራፍ ማንሻ የሆነ እንግዶች መጡ። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በቅድመ ታሪክ ሰው አጽም ምክንያት በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም የጎብኚው ቍጥር እያደገ ሄደ። ካራዎች ገላቸውን በነጭ አፈርና በልዩ ልዩ ቀለም ማስጌጣቸው የታወቀ ስለ ሆነ፥ መኪና ሁሉ ወደ ኮልቾ አፋፍ ይወጣ ጀመር። ጎብኚው ለአንድ ሥዕል ይህን ያህል ብር ከፍሎ፥ አንሥቶ፥ ሳይቀመጥ ይመለሳል። የሥዕሉን ባለቤት ስም የማይጠይቅ ብዙ ነው። አንዳንድ ሰው ካራዎች ገንዘብ መጠየቃቸውን ነቅፎ ይናገራል፤ ዳሩ ግን ነገ እንደማይመለስ ከሚታወቅ ሰው ዋጋውን እዚያው መቀበል የማያስነቅፍ ጥበብ ነው። በቤል ዘንድ ሒሳቡ ክፍት ሆኖ የሚቈየው ወዳጁ ስለሚመለስ ነውና።

ነገሩን ከቀድሞው ያከበደው የወንዙ ጉዳይ ነው። የጊቤ ሦስተኛው ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀምሮ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ለአገሪቱ መብራት ሰጠ፤ የኦሞ ሙላት ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው በወቅቱ የሚመጣ አልሆነም። ማሽላው ከጎደለ እህል የሚገዛው በብር ነው። ስለዚህ የእንግዳው ገንዘብ በማን እጅ ይገባል የሚለው ጥያቄ ለኮልቾ የእንጀራ ጥያቄ ሆነ።

ከእንግዳ ዋጋ መቀበል በራሱ ነውር እንዳልሆነ የመናገሻዋ ከተማ ታሪክ ይመሰክራል። እቴጌ ጣይቱ በ20ኛው ምዕት ዓመት መባቻ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቆሙ ጊዜ መኳንንቱ በገንዘብ መብላትን ስላፈሩ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ከፍለው በመብላት እንዳለማመዷቸው ይተረካል። የሚከፋውስ ዋጋው ከአስተናጋጁ አገር ወጥቶ ሲቀር ነው።

ይህን በሚገባ የተረዱ የሩቅ ደሴት ሰዎች አሉ። በካናዳ ሰሜናዊ ምሥራቅ በኒውፋውንድላንድ አጠገብ ፎጎ የምትባል ብርዳም ደሴት አለች። ሕዝቧ ለብዙ ዘመን ኮድ የተባለውን ዓሣ እያጠመደ ሲኖር፥ ዓሣው ስለ ተመናመነ በ1984 ዓ.ም. መንግሥት ማጥመዱን ከለከለ። ከዚያ አስቀድሞ ደሴቲቱን ለቀው በሌላ ስፍራ እንዲሰፍሩ በተገፋፉ ጊዜ እንቢ ብለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ያቆሙ ሰዎች ነበሩና አሁንም አልተበተኑም። የደሴቲቱ ተወላጅ ዚታ ኮብ በውጭ ሠርታ ሀብት ካፈራች በኋላ ተመልሳ ከወንድሞቿ ጋራ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቆመች፤ በ2005 ዓ.ም.ም 29 ክፍሎች ያሉት ሆቴል ተከፈተ። ወንበሩና የአልጋ ልብሱ በደሴቲቱ ሰዎች እጅ የተሠራ ነው፤ እንግዳውን የሚያስጎበኘው የአገሩ ሰው ነው፤ ትርፉ ወደ ሕዝቡ ይመለሳል፤ እያንዳንዱ ብር የት እንደ ዋለም ለእንግዳው በጽሑፍ ይነገረዋል። ወንዙ እንደ ራቀው እንደ ኮልቾ ሰው፥ ዓሣው የራቀው የፎጎ ሰው ቤቱን በራሱ ሕግ ከፈተ።

ይህን የመሰለ ሥራ በአገራችንም አለ። በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ በ1996 ዓ.ም. ገደማ፥ ተስፋ በተባለ ድርጅት አነሣሽነት፥ የመቋት ማርያም ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ በድንጋይና በሣር የእንግዳ ጎጆዎች ሠሩ። ምግብ የሚያበስሉት፥ በአህያ ጓዝ የሚያደርሱት፥ መንገድ የሚመሩት በተራ የአካባቢው ሰዎች ሆኑ፤ ከገቢውም ድርሻው ለመንደሩ ማኅበር ገባ። በኋላ ወረርሽኙና የሰሜኑ ጦርነት እንግዳውን አራቁት፤ ይህም እንግዳ ብቻውን እርሻን ሊተካ እንደማይችል አስተማረ።

በካራ አገርም በኦሞ ዳር የድንኳን ማደሪያዎች መተከል ከጀመሩ ቈይተዋል፤ የካራ ተወላጅ ከአጋሮቹ ጋራ ያቋቋመውም አለ። መንገዱ ስለዚህ አልተዘጋም። የሚያስፈልገው ከኮልቾ ሽማግሌዎች ጋራ አስቀድሞ ተመክሮ ዋጋው በሕዝቡ ስምምነት እንዲቈረጥ፥ ፍየሉና ማሩ ከመንደሩ እንዲገዛ፥ ከገቢውም ለክፉ ቀን እህል የሚሆን እንዲቀመጥ ነው። እንግዳውም ቢያንስ አንድ ሌሊት አድሮ፥ የአስተናጋጁን ስም ጠይቆ፥ የራሱንም ነግሮ ይሂድ። የቤል ወዳጅነት የሚጀመረው ከስም ነውና፥ ዋጋውን ከፍሎ ሲያበቃ ገና የሚመልሰው ነገር እንዳለበት የሚያስብ እንግዳ በኮልቾ አፋፍ ላይ በጥንቱ ሕግ አደረ ማለት ይቻላል።