«በረሃ» በከተማ መካከል

ሰኔ ግም ሲል ጋቢ የምታስደርብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በመካከሏ እንዴት «በረሃ» ሊኖራት ቻለ? የክረምት ጎርፍ በሰባ ደረጃ ቁልቁል ሲንዠቀዠቅ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ አይቀርም። አሸዋ የለ፣ ሐሩር የለ፣ ግመል የለ። ሆኖም ፒያሳን ይዞ ጥቂት እንደተራመዱ የሚገኘው ሰፈር ለሁለትና ለሦስት ትውልድ «ውቤ በረሃ» ሲባል ኖሯል።

ከሁለቱ ቃላት አንዱ አያስቸግርም። ውቤ የተባሉት ደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ናቸው፤ በአንድ ወቅት የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት የነበሩት መኰንን። አዲስ አበባ ስትቆረቆር እያንዳንዱ ሹም ከነቤተሰቡና ከነሎሌው የሰፈረበት መሬት በስሙ ተጠራ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን ዛሬም የምንጠራው የዚያን ጊዜ የጦር ሰፈር አቀማመጥ ነው።

ሁለተኛው ቃል ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በአማርኛችን በረሃ የአየር ጠባይ ብቻ አይደለም። ሰው ደም ሲቃባ፣ ፍርድ ሲጓደልበት ወይም ከባለሥልጣን ሲጣላ «በረሃ ገባ» ይባላል። በረሃ ማለት የቤት ሕግና የአገር ሕግ የማይደርሱበት ቦታ ነው። እንደ እኔ አስተያየት የሰፈሩ ስም ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። የጨዋ ልጅ፣ ተማሪው፣ ጸሐፊው፣ ወታደሩ ማታ ማታ ከአባቱና ከአለቃው ዓይን የሚሸፍትበት፣ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ምሕረት ሳይለምን የሚመለስበት በረሃ ነበር።

የሚያስገርመው ይህ በረሃ የት አጠገብ እንደ በቀለ ነው። ከዚያው ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጃፍ፣ በከተማዋ ውስጥ ሕግ ድምፁን ከሁሉ ይልቅ ከፍ አድርጎ የሚናገርበት አደባባይ ነበረ። አራዳ ማለት በመጀመሪያ ገበያ ነው። ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ከየአቅጣጫው ማሩ በገንቦ፣ ቅቤው በቅል፣ እህሉ በስልቻ፣ ጥጡ በአህያ ጭነት ይጎርፍ ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ የሚነገረው ለዚሁ ገበያተኛ ነው፤ ገበያ የሰማውን አገር ሰማውና። ሞት የተፈረደበትም የሚሰቀለው እዚያው ገበያ መካከል፣ ከዛፍ ላይ ነበር። ቅቤ ሻጪቱ ዋጋ ስትከራከር ቀና ብትል የምታየው የመንግሥትን ክንድ ነው ማለት ነው። የከተማው ጥበቃ እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ስፍራ ነው፤ «የአራዳ ዘበኛ» ይባል ነበር።

ከዚያ ዘመን የጎዳና ትዕይንት ሁሉ እኔን አጥብቆ የሚይዘኝ ቁራኛ ነው። አበዳሪ ተበዳሪውን መንገድ ላይ ሲያገኘው «በምኒልክ አምላክ!» ብሎ ያቆመዋል። አላፊ አግዳሚው ይሰበሰባል፤ አንዱ ዳኛ ሆኖ ነገራቸውን ይሰማል። ነገሩ እዚያው ካልተፈታ የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ነገሩ ሲከብድ ቋጠሮው ሰንሰለት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ከባንክ መስኮት ጀርባ የሚውል እንደ እኔ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ዛሬ አበዳሪና ተበዳሪ የሚቆራኙት በፊርማና በማኅተም ነው፤ ያኔ ግን ብድር ማለት ሰው ከሰው ጋር መታሰር መሆኑ ለዓይን ይታይ ነበር። ሥርዓቱ ጠፍቶ ቃሉ ቀረ። በሽተኛን «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው ከአልጋው ጋር ነጠላው የተቋጠረ ያህል ነው።

ባንኩም ቢሆን የመጣው ወደዚሁ አካባቢ ነው። በ1898 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ጀመረ። ወረቀት ግን ቶሎ አልታመነም፤ ገበያተኛው ለብዙ ዘመን የሚያምነው ማርትሬዛውን፣ ጠገራ ብሩን ነበር፤ ለጥቃቅኑ ግብይትም አሞሌ ጨው ነበረው። በዚያው ዘመን የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ተከፈተ። ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የየመን ዐረቡ ሱቁን ደረደረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያሳይ ቤት ሲመጣ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው፤ ስሙን እየጠራ ቢያማትብም መግባቱን አልተወም።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዘውድ ሲጭኑ አራዳ የዓለም ጋዜጠኛ የሚረግጠው አደባባይ ሆነ። በዋዜማው ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የምኒልክ ሐውልት ተመረቀ። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ግን ጣልያን ገባ። ሐውልቱን አውርዶ ቀበረው፤ በ1929 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለው፤ ገበያውንም ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው። ፈረንጅና አገሬው እንዳይቀላቀሉ የታሰበ ፕላን ነበር። ጣልያን ሄደ፣ ሐውልቱም ከመቃብር ወጥቶ ቦታው ተመለሰ፣ ቋንቋው ግን ቀረልን። የቀረውን አደባባይ በእነሱ አፍ «አደባባይ» አልነው፤ ፒያሳ። የሄደውን ገበያ በእነሱ አፍ «ገበያ» አልነው፤ መርካቶ። ሊስትሮው፣ ፌርማታው፣ ባንኮኒው፣ ማኪያቶው ሁሉ የዚያ ዘመን ትርፍ ነው።

ገበያው ሲሄድ አራዳ ባዶውን አልቀረም፤ ሸቀጡ ተለወጠ እንጂ። ከእንግዲህ አራዳ የሚሸጠው ዘመናዊነትን ሆነ፦ ወርቅ ቤት፣ ኬክ ቤት፣ ሲኒማ፣ ሙዚቃ። የሙዚቃው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከእልቂት የተረፉ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ማርሽ ሲጫወቱ ሰሙ። ወደ አዲስ አበባም አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘመኑን የንጉሠ ነገሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከኢየሩሳሌም ጎዳና የተነሣው ጡሩምባ በየጦር ክፍሉ ኦርኬስትራ አልፎ በስተመጨረሻ የፒያሳን ምሽት አደመቀ።

በ1927 ዓ.ም. ደግሞ፣ የጣልያን ወረራ ደመና ባጠላበት ክረምት፣ መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ከነፃነት በኋላ ማኅበሩ ፒያሳ አጠገብ በሚገኘው አዳራሹ ቴያትርና ዘፈን ያሳይ ጀመር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት የሴት ገጸ ባሕርይን ቀሚስ ለብሶ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ለምን? ጨዋ የተባለች ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር ስለነበረ ነው። ዘፈኑን እንወዳለን፤ ዘፋኟን ግን «አዝማሪ» ብለን እንሰድባለን። ይህን ግንብ ክራሯን ይዛ ካፈረሱት ሴቶች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት፤ በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ ያ ስድብ ማዕርግ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ በረሃችን እንመለስ። ከነፃነት እስከ አብዮቱ ድረስ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ውቤ በረሃ ሲመሽ የሚነጋለት ሰፈር ነበር። የጭቃ ቤቶች ጎን ለጎን ተያይዘው፣ አንዲት ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላ፣ ከፊት ጠጁ በብርሌ፣ ከኋላ አልጋው። ማሲንቆው ከአንዱ ቤት ይጀምራል፣ ሸክላው ከሌላው ይመልሳል። ስለዚህ ሌሊት በጉልምስናቸው የደረሱበት ሰዎች ሲያወጉ ፊታቸው ይበራል፦ ማን ለማን እንደ ተደባደበ፣ ማን ደመወዙን በአንድ ሌሊት እንደ ጨረሰ፣ ማን ቅኔ እንደ ዘረፈ። ዘፈን ወጣለት፣ ትዝታም ሆነ።

ነገር ግን የሁሉም ወግ ተራኪ ወንድ ነው። ለእሱ በረሃ ነበር፤ ገብቶ ይወጣበታል። ለእሷ ግን በረሃ አልነበረም፤ ቤት ነበር። በልጅነቷ ሳትጠየቅ ተድራ፣ ከባሏ ሸሽታ ወይም ተፈትታ፣ የምታርሰው መሬት የሌላት፣ ከተማ ስትገባም የሚቀጥራት ፋብሪካ ያልጠበቃት ሴት የምታገኘው ሥራ ጥቂት ነው፦ ግርድና፣ ጠላና ጠጅ መሸጥ፣ አለዚያም ይኸው። «ሴተኛ አዳሪ» የሚለውን ስም ቀስ ብላችሁ ብታነቡት «ሠርቶ አዳሪ» ከሚለው ጋር አንድ ቤት ይመታል። አዳሪ ማለት በራሱ የሚኖር ማለት ነው። ሲሰየሙ ፍርዱ በቃሉ ውስጥ አልነበረም፤ በኋላ እኛ ጨመርነው። ሰፈሩ የደጃዝማቹን ስም ተሸከመ፤ ሰፈሩን ያቆሙት ሴቶች ስም ግን በየትኛውም መንገድና በየትኛውም ድልድይ ላይ የለም።

ለዚህም ነው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን የማመሰግነው። «ሌቱም አይነጋልኝ» ውቤ በረሃን ከነሴቶቹ የመዘገበ ልብ ወለድ ነው። ግልጽነቱ ስላስደነገጠ በአማርኛ ለመታተም ብዙ ዓመት ጠብቋል፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ «የአዲስ አበባ ሌሊቶች» በሚል ርእስ በፈረንሳይኛ ወጥቷል። ብዙዎች የሚያነሡት ብልግናውን ነው። እኔ ግን ከታሪክ መዝገብ የተዘለሉ ሴቶች እንደ ሰው የሚስቁበት፣ የሚጣሉበት፣ የሚዋደዱበት ገጽ ሆኖ አገኘዋለሁ። ታሪክ ጸሐፊው ያለፈውን ደራሲው አስቀረው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ያዘ፤ ሰዓት እላፊ ሌሊቱን ዘጋው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አከራዩን ከተከራዩ ለየ፤ የጭቃ ቤቶቹ በብዛት የቀበሌ ሆኑ። ኪራዩ ከሳንቲም ስላልዘለለ ነዋሪው አልወጣም፤ አዳሽ ስላልነበረም ግድግዳው አረጀ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ላይ እሳት ተነሥቶ የጃዝ መድረኩ ጃዛምባ ወደመ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በምኒልክ አደባባይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ በማግስቱ ወራት ደግሞ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የፒያሳ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ዳር ተበተኑ።

ያረጀ ጭቃ ቤት ፈረሰ ብሎ ማልቀስ የእኔ ሐሳብ አይደለም። ሽንት ቤት ለአሥር አባወራ ሲጋሩ የኖሩ ሰዎች ትዝታችን እንዲበረክት እዚያው ይኑሩ ማለት ግፍ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አራዳ ገበያውን አጥቷል፣ ሌሊቱን አጥቷል፣ አሁን ደግሞ ግድግዳውን እያጣ ነው። የቀረው ቃሉ ነው። «አራዳ» ከቦታ ስም ተነሥቶ የሰው ጠባይ ሆኗል፤ ነቃ ያለ፣ ሰው የገባው፣ ከማንም ጋር መኖር የሚችል ማለት ነው። ይህን ጠባይ ያስተማረው ግንቡ አልነበረም፤ ገበሬ ከፈረንጅ፣ አበዳሪ ከተበዳሪ፣ ካህን ከኮማሪት በአንድ ጠባብ መንገድ ትከሻ ለትከሻ መገፋፋታቸው ነው። ሰው ከሰው ካልተጋፋ ቃሉ የት ያድራል?

እንግዲህ አያት ያላችሁ፣ በተለይ ከዚያ ሰፈር የወጣች አያት ያለቻችሁ፣ ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ ጠይቋት። የጠጁን አጣጣል፣ የጎረቤቶቿን ስም፣ ከተማ የገባችበትን ቀን ጻፉላት። የደጃዝማቹ ስም ተጽፎለታል። የእሷ ገና ነው።

ቸር ያሰንብተን።