የሴት ተማሪዎች ንቅናቄ፤ ከአዳራሽ እስከ ጠረጴዛ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በቋራ ወረዳ፣ ከገለጉ ተነሥታ ለከፍተኛ ትምህርት የምትበቃ ልጃገረድ ምርጫዋን ሞልታ ብትልክም ወዴት እንደምትመደብ እርግጠኛ አይደለችም። ጎንደር ልትቀር ወይም ጅማ ድረስ ልትሄድ ትችላለች። የሰሊጡ እርሻ፣ የመተማ ገበያና ዘመድ አዝማድ ሁሉ ከኋላዋ ይቀራሉ። በማታውቀው ግቢ ክፉ ቢገጥማት አቤት የምትለው ለማን ነው? ጥያቄው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ታሪክ አለው።

መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎች ትርኢቱን የባዕድ ባህል ወረራ ነው ሲሉ ተቃወሙት፤ ፖሊስ ጣልቃ ገባ፤ ነገሩ ተባብሶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። ቀኑ በተማሪው ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ በኩራት ሲወሳ ኖሯል። ይሁን እንጂ ተቃውሞው በባዕድ ባህል ላይ ነው ቢባልም ስድቡና መንገላታቱ የደረሰው በሴቶቹ ላይ እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ሴት ተማሪ ምን መልበስ እንደሚገባት ሲወሰን በአመዛኙ የተናገሩት ወንዶች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት «የሴቶች ጥያቄ» በተማሪው ጽሑፎች ውስጥ ሥፍራ አገኘ፤ ያም ሆኖ የመደብ ትግሉ ድል ሲያደርግ አብሮ ይፈታል እየተባለ ወደ ኋላ ይገፋ ነበር። የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራቱ ይህን መጠበቅ የተቀበለች አትመስልም። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ለመጥለፍ ከሞከሩት ሰባት ወጣቶች ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ማርታ በዚያው ሕይወቷን ስታጣ ታደለች ኪዳነ ማርያም ቆስላ ተረፈች። ማርታ የተወችው ጽሑፍ የሚናገረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ሴቶች ስም ነው። የመረጠችው መንገድ ለክርክር የተጋለጠ ቢሆንም፣ በአዳራሹ ዝም ያሰኙት ድምፅ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ይሰማል።

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ ሴት ተማሪዎችም አብረው ወጡ። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በአዋጅ ተቋቋመ። ማኅበሩ ሰፊ ነበር፤ ነገር ግን ከላይ የተደራጀ እንጂ ከመኝታ ቤትና ከመማሪያ ክፍል የመነጨ አልነበረም።

ከደርግ በኋላ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ መሻሻል ረገድ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ግን ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ተከለከሉ፤ ማኅበሩም ሠራተኞቹን ለመቀነስ ተገደደ።

የግቢው ንቅናቄ ያንሰራራው እንግዲህ በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። በ2004 ዓ.ም. መባቻ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ በቀድሞ ባለቤቷ ጥቃት የዓይኖቿን ብርሃን አጣች። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና መምህርታቸው ብሌን ሣህሉ «የሎው ሙቭመንት» ወይም ቢጫው ንቅናቄ የተባለውን አቋቋሙ። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ በግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ የሚያልፈው ተማሪ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ቆሞ ይወያያል። በፍቅረኞች ቀን ጽጌረዳ ይሸጣል፤ ገቢውም ለችግረኛ ሴት ተማሪዎች መርጃና ለወር አበባ መጠበቂያ መግዣ ይውላል። ከአበባ ሽያጭ የሚገኘው ብር አዋጁ የሚገድበው የውጭ ገንዘብ አልነበረም። በመሥሪያ ቤት ሳይሆን በትርፍ ሰዓት መሠራቱ ለንቅናቄው ጥንካሬ ነበር ማለት ይቻላል።

ድክመቱም ያው ነው። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ቢተካም ጠረጴዛ የሚዘረጉት ተማሪዎች በየዓመቱ ይመረቃሉ፤ ቁልፉን የሚረከብ ቋሚ ጽሕፈት ቤት የለም። እንቅስቃሴው ወደ መቀሌ ዩኒቨርሲቲም ተዛምቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ በየግቢው የሚደገም ሥርዓት አልሆነም። ከገለጉ ሻንጣዋን ይዛ የምትወጣው ልጅ በተመደበችበት ግቢ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ታገኝ እንደሆነ የሚወስነው፣ ያን ዓመት በዚያ ያሉት ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ትጋት ነው።