«ይቻላቸዋል»

ስሙን ከጣሊያን በወረሰው በመርካቶ ነጋዴ ሲዋዋል ሁለት ቅጂ ያጽፋል፤ አንዱ በሻጭ፣ ሌላው በገዢ እጅ ይቀራል። ቅጂዎቹ ቃል በቃል አንድ ካልሆኑ ውሉ የክርክር ዘር ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያ መንግሥት በውጫሌ የተዋዋሉት ውል የተበላሸው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ቅጂዎቹ በሁለት ቋንቋ መጻፋቸው ደግሞ ነገሩን አባሰው።

ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። 19ኛው አንቀጽ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ የተስማሙና እኩል የጸኑ መሆናቸውን ይናገራል፤ 17ኛው ግን ይህንኑ ያፈርሳል። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል»፤ በጣሊያንኛው ግን በዚያ መንገድ ለመላላክ ተስማምተዋል። የክሪስፒ መንግሥት በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ይህን ለኃያላኑ አስታወቀ፤ ኢትዮጵያም በወረቀት ላይ ጥገኛ ሆነች። ምኒልክ ጉዳዩ የተገለጠላቸው ንግሣቸውን ላበሠሩበት ደብዳቤ ከለንደንና ከበርሊን መልስ ሲመጣ ነው።

የአንድ ግስ ነገር ይህን ያህል ይከብዳልን የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ዛሬ ለሁሉ ክፍት የሆኑ የምስጢር መጠበቂያ ፕሮግራሞችን የሚጽፉትን ይጠይቅ። ለኢንተርኔት ደንቦች የ«ይቻላል»ና የ«ግድ ነው» ፍቺ እ.ኤ.አ. በ1997 አርኤፍሲ 2119 በተባለ ሰነድ ተለይቶ ተደንግጓል። በመመሪያ ውስጥ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ፣ ፕሮግራሙ ሳይነካ ተጠቃሚው ይስታል፤ ስለዚህ ለውጡ ይሻርና የቀድሞው ጽሑፍ ይመለሳል። ለእነርሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለምኒልክ ስድስት ዓመት ፈጀ።

በመስከረም 1883 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው የአማርኛው ቃል እንዲጸና ጠየቁ። ውሉን ያዋዋለው ኮንት አንቶኔሊ ራሱ አዲስ አበባ መጣ። እዚህ ላይ ታሪኩ ፈገግ ያሰኛል፤ አንቀጹ እንዳለ ይቆያል የሚል መስሎት የፈረመበት ወረቀት፣ በአማርኛው አንቀጹ መሰረዙን የሚናገር ሆኖ ተገኘ። ተቆጥቶ ስምምነቱን አፈረሰና ወደ አገሩ ተመለሰ። በውጫሌ የተዘራው በአዲስ አበባ ታጨደ ብንል ብዙ አናጋንንም።

በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን በሙሉ መሻራቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቁ። ኢጣሊያ አልተቀበለችም። የተቀበለችው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ከሆነች በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1896 በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ለዘለዓለም ተሻረ፣ የኢትዮጵያም ፍጹም ነጻነት ታወቀ።

ጽሑፉ ተመለሰ፤ በጽሑፉ ዘመን የሆነው ሁሉ ግን አብሮ አልተመለሰም። ኢጣሊያ በ1882 ዓ.ም. ኤርትራ ብላ የሰየመችውን ቅኝ ግዛት እንደያዘች ቀረች፤ ውጫሌን የሻረው የአዲስ አበባው ውል ራሱም መረብን፣ በለሳንና ሙናን ጊዜያዊ ወሰን አድርጎ ተወው።