የመሪ ሰርቮ ኃይል አቅርቦት
የመሪ ሰርቮ ኃይል አቅርቦት፣ በሬዲዮ ትእዛዝ በሚነዳ የአገር አቋራጭ መኪና አምሳያ ውስጥ፣ የፊት ጎማዎችን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ለሚመልሰው ሞተር (ሰርቮ) ከባትሪው የመነጨውን ኃይል መጥኖ የሚያደርስ የኤሌክትሪክ ሥርዐት ነው። የሰርቮ ጥበብ ጥንቱን የእንፋሎት መርከብን መሪ ለማዞር የታሰበ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦዜፍ ፋርኮ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ መሠረተ ሐሳቡን ገልጦታል። የተለመደው ሰርቮ ከ4.8 እስከ 6 ቮልት ስለሚሻ፣ የ7.4 ቮልቱን የሊቲየም ባትሪ ኃይል በመኪናው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለው ቮልት ቀናሽ ዝቅ ያደርግለታል። ነገር ግን ጎማው፣ እንደ ሐዋሳው ታቦር ተራራ ባለ ዳገት ላይ፣ በድንጋይ ሲያዝ፣ ሰርቮው በቅጽበት ብዙ አምፔር ስለሚስብ ቮልቱ ይወድቃል፤ ከዚያው ቀናሽ ኃይል የሚያገኘው የሬዲዮው ተቀባይም ሥራውን አቋርጦ መኪናው ያለ ገዢ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ለብርቱ ሰርቮ ራሱን የቻለ ቮልት ቀናሽ በቀጥታ ከባትሪው መግጠም እጅግ የተገባ ነው።